በሕማማት አላስጨፍርም ያለው አምፕሊፋየር

ወታደሮቹ የመጡብኝ ሑዳዴ እኩሌታ ላይ ነው። የጊታር አምፕሊፋየሬ ጠረጴዛ ላይ ሆዱ ተከፍቶ ነበር። የድሮ ነው፣ በመስታወት አምፖሎች የሚሠራ። ጾም ሲገባ እኛ የደብረ ማርቆስ ሙዚቀኞች ጊታራችንን ስለምንሰቅል ዕቃዬን የምፈታታው ያን ጊዜ ነው። ድምፁ ሾሎ ጆሮዬን ስላስቸገረኝ፣ እንደ ድሮ ሸክላ ሞቅና ወፈር እንዲል አንዳንድ ዕቃ እየቀያየርኩለት ነበር። አንዱ ወታደር በርቶ የቀላውን አምፖል አየና "ይኼማ ሬዲዮ ነው" አለ። በቃ፣ ሬዲዮ ሆነ።

እኔንና ሌሎች እስረኞችን ያጎሩን የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ከጣሪያው ሥር ካለችው ቀዳዳ በቀር ብርሃን የለም፤ ግድግዳው የጤፍ ብናኝ ይሸታል። አጠገቤ ሮብ ገበያ ከምትባለው ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጫካ የገባ ልጅህን አምጣ ተብለው ነው የታሰሩት። እስር ቤትም ሆነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። መርማሪው ሲያስጠራኝ ጊታሬና አምፕሊፋየሬ ፊቱ ተቀምጠዋል።

"ጫካ ላሉት መገናኛ ነው ብለህ ፈርም።"

"የጊታር ማጉያ ነው፣ ጌታዬ። እርስዎም ያዩታል።"

"እንግዲያው አጫውተን። የሚያስጨፍር ይሁን፣ ልጆቹ ይደሰቱ። ከተጫወትክ ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።"

ጠባቂዎቹ ሳቁ። አልዋሽም፣ ቤቴ በዓይኔ ላይ ዞረ። የሚስቴን ድምፅ ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር። ግን በሕማማት ዘፈን! ያውም ለእነዚህ! ደሜ ፈላ።

አምፕሊፋየሩን አበራሁት። ዝም አለ።

"ሞቷል" አለ መርማሪው።

"እስኪሞቅ ጠብቅ" አልኩት። ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" የወረድኩት ያን ጊዜ ነው።

ሞቀ። እኔም ዘፈኑን ትቼ፣ አባቴ በጾም የሚደረድሩትን የበገና ዜማ በወፍራሞቹ ክሮች ጀመርኩ። ስፈልገው የከረምኩት ድምፅ እዚያ መጣልኝ፤ ወፍራም፣ ትንሽ የሚነዝር፣ ደረት ውስጥ የሚገባ። ከግድግዳው ማዶ ሽማግሌው "ኪርያላይሶን" አሉ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ሲሰግዱ ጉልበታቸው ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ቆቡን አወለቀ፣ ወዲያው መልሶ አደረገው።

መርማሪው ገመዱን ነቀለው። "ይኼ አያስጨፍርም።"

"አያስጨፍርም።"

"እንግዲያው ፈርም።"

አልፈረምኩም። ፋሲካን እዚያው ዋልኩ።

"ቤትህ ማደሩ ቀረብህ፣ ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው ማታ።

"ቀረብኝ፣ አባቴ።"

የጋቢያቸውን ገሚስ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

ስፈታ አምፕሊፋየሩን ጥጉ ተሰብሮ መለሱልኝ። ጥጉን አላሠራሁትም። ዛሬ ሰርግ ላይ ሳበራው ሰው ይቸኩላል፣ "በል እንጂ!" ይለኛል። እኔ እጄን አጣጥፌ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ አስጨፍራለሁ፣ እስኪነጋም ቢሆን። ቀኑን የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።