በዋልያ ዋንጫ የቀረበ ጠላ

ደንቡን በእጄ አሥራ አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ለየምክትል ወረዳው የሚላከው ወረቀት ሁሉ በእጅ ይገለበጣል፤ እኔን የመረጡኝም ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ ያንኑ ቃል ደጋግሜ እጽፍ ነበር። ዋልያ ለማደን ከእንግዲህ ለማንም ሰው ፈቃድ አይሰጥም። ይህን ደንብ ተላልፎ የተገኘ ጠመንጃው ይወረሳል፤ ለፍርድም ይቀርባል። ዋልያ በሚገኝበት አካባቢ ሁሉ አገሩን የሚያውቅ አንድ ጠባቂ ይቀጠራል።

እኔ የወደድኩት የመጨረሻውን ነው። አጎቴን አሰብኩ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። ቤቱ ከደባርቅ በበቅሎ አንድ ሙሉ ቀን ተሂዶ የሚደረስበት፣ በሰሜን ገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር ውስጥ ነው። ገብስ ያርሳል፣ በጎችም አሉት፤ የሚታወቀው ግን በአዳኝነቱ ነው። ፈቃድ ይዘው የሚመጡ የውጭ አገርና የአዲስ አበባ እንግዶች፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ የደረሰ ሽማግሌ ወንድ ዋልያ ሲፈልጉ እየመራ ገደል የሚወርደው እሱ ነበር። ራሱንና ቀንዱን እነሱ ይወስዳሉ፤ ሥጋው ለመንደሩ ይቀራል፤ ለእሱ ጥይት ወይም አሮጌ ካፖርት ይሰጡታል። አንድ ጊዜ አንድ ፈረንጅ ተኩሶ የመታው ዋልያ ገደል ገባ። አጎቴ ሁለት ቀን ሲፈልግ ቆይቶ የአውሬውን ራስ በጀርባው አዝሎ ቢወጣ፣ ሰውዬው የአንደኛው ቀንድ ጫፍ ተሰብሯል ብሎ ሌላ ፈለገ። ሌላም ተገደለ። አጎቴ ይህን ሲያወራ አይቆጣም። ትከሻውን ወረድ ያደርግና፣ «ፈቃዱ የአንድ ነበር፤ እዚያ ገደል ውስጥ ማን ይቆጥራል?» ይላል።

ዋልያው እያለቀ መሆኑን ከማንም በፊት የነገረኝም እሱው ነው። «አባቴ ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ መንጋ ያይ ነበር። እኔ ግን ቁርሴን ይዤ ወጥቼ፣ አንድ ሳላይ ለራቴ እመለሳለሁ» ብሎኛል።

ጎንደር ለትምህርት ከመጣሁ ጀምሮ የዓመት ቀለቤን ገብስና ባቄላ በአህያ ጭኖ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ውለታውን የምመልስበት ቀን የደረሰ መሰለኝ። ሐምሌ ላይ ደብዳቤ ጻፍኩለት። የሚያነቡለት የንስሐ አባቱ፣ የመንደሩ ቄስ፣ ስለሆኑ ቃላቱን መርጬ ነው የጻፍኩት። ደንቡ በዚያው ወር በገበያ እንደሚነበብ፣ ከመስቀል በኋላ የመሥሪያ ቤታችን ሹም ለጠባቂነት ሰው ሊመርጡ እንደሚመጡ፣ እኔም ጸሐፊ ሆኜ አብሬ እንደምመጣ ነገርኩት። በመጨረሻ፣ «አያ፣ ሹሙ ሙያህን በዓይናቸው እንዲያዩ አድርገህ ተቀበላቸው» ብዬ ጨመርኩ። በዚያች ዓረፍተ ነገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጉዞ ጀመርን። በጭነት መኪና በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ ገባን፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎ ነው። ሹሙ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ከበቅሎ ይወርዳሉ፤ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይቆማሉ።

«እዚህ የሚኖር አውሬ ምን ጠባቂ ያሻዋል?» አሉኝ አንድ ጊዜ ወደ ገደሉ እያዩ። «ጠባቂ የሚያሻኝስ እኔ!»

በሁለት መንደሮች ሰው ሰብስበን ደንቡን አነበብኩ። በሁለቱም ያገኘን አንድ ዓይነት መልስ ነው። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ዋልያው ይጠበቅ፤ ሸጋ ነው። የእኛን ገብስ ከጭላዳ ዝንጀሮ የሚጠብቅልን ማን ተሾመ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ሹሙ ሳይስቁ «ጻፈው» አሉኝ። የሚሉትን ሁሉ ጻፍኩ። ማታ በተኛንበት ቤት ቁንጫው አያስተኛም፤ ጠዋት ደግሞ መንገድ ነው። አጎቴ መንደር ስንደርስ ሁለታችንም መናገር ሰልችቶን ነበር።

እሱ ግን ታጥቦ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ፣ ምንሽር ጠመንጃውን ወልውሎ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሹሙን ደግፎ ከበቅሎ አወረደ። ቤት ውስጥ አጎዛ ተነጥፏል። ከበሩ አጠገብ አንድ ጎረቤቱ ተቀምጧል፤ ድሮ ወታደር የነበረ፣ እሱም ጠባቂ ለመሆን የፈለገ ሰው ነው።

«እሱንም ጥራው ብለውኝ ነው» አለ አጎቴ ለሹሙ። «ሸጋ ሰው ነው። ብቻ ገደል ሲያይ ዓይኑን በነጠላ ይሸፍናል።»

«አንተ ደግሞ ሰው ስታይ አፍህን አትሸፍንም» አለ ጎረቤቱ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሹሙም ከጎንደር ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

የአጎቴ ሚስት ጠላ ይዛ መጣች። ለእኔና ለጎረቤቱ በቅል ቀዳች። ለሹሙ ግን አጎቴ ራሱ ተነሥቶ ከጓዳ አንድ ዋንጫ አመጣ። ከዋልያ ቀንድ የተሠራ ነው፤ ወፍራምና ጥቁር፣ ከውጭ በኩል ዕድሜውን የሚናገሩት ቋጠሮዎች እንዳሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ትልቅ ዋንጫ በዚያ ቤት አይቼ አላውቅም። ከጠላው ሽታ ጋር አዲስ የተቀቀለ ቀንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ለምን እንደሆነ ግን ወዲያው አልገባኝም።

በዚያ አገር እንግዳ በዋልያ ዋንጫ ሲጠጣ አንድ ወግ አለ። እንግዳው ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎንጭቶ «የማን እጅ ነው?» ይላል። ባለቤቱ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደገደለው ይናገራል። የማይናገር ከሆነ ሌላው የገደለውን እንደሰረቀ ይቆጠራል፤ ሌባ ከመባል ደግሞ ምንም ይሻላል። ሹሙ የደብረ ታቦር ሰው ቢሆኑም ወጉን ያውቁታል። ደክመዋል፣ ጠምቷቸዋል፤ የሚጠጡትም ከምን እንደሆነ ልብ ብለው ያሰቡ አይመስለኝም። ዋንጫውን እስከ ግማሽ አጎደሉና ከልማድ የተነሣ ብቻ፣

«የማን እጅ ነው?» አሉ።

አጎቴ ቆመ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ቦታውን ተናገረ፤ ነፋሱ ከየት እንደነበረ፣ ጉሙ ሲገለጥ አውሬው ከጅብራው ተክል ሥር እንዴት እንደቆመ ተናገረ። በገመድ ወርዶ ቀንዱን እንዴት እንዳወጣው፣ ጫፉም እንዳልተሰበረ ተናገረ። «ፍልሰታ በተፈታ በሦስተኛው ቀን» አለ። «ያሁኑ ፍልሰታ። ሊመጡ ነው ቢሉኝ፣ ለጌታዬ የሚሆን ዋንጫ ከቤቴ አጣሁና ወረድኩ። እንግዲህ ይህን ገደል የሚያውቅ እጅ ይኸው!»

ጎረቤቱ ቅሉን መሬት አስቀመጠ። የአጎቴ ሚስት ነበረች ቀድማ የገባት፤ «ምነው፣ አንተ ሰው!» አለች፤ አፏን በመቀነቷ ጫፍ ያዘች።

ሹሙ ዋንጫውን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። «ደንቡ በገበያ ሲነበብ አልነበርክም?»

«ነበርኩ እንጂ! ከፊት ነበርኩ» አለ አጎቴ። «ፈቃድ አይሰጥም አሉ። እኔ መቼ ፈቃድ ጠይቄ አውቃለሁ? ፈቃድ የእንግዶቹ ነው። እነሱ ከቀሩልን ሸጋ ነው ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።»

አሥራ አራት ጊዜ ስገለብጠው እንዲህ ሊሰማ እንደሚችል አንድ ቀን አላሰብኩም።

ሹሙ የቀረውን ጠላ አልጠጡም፤ አልደፉትምም። ዋንጫውን በቀስታ ከጉልበታቸው አጠገብ አኖሩና ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ከመንገዱ አቧራ ቀልቷል።

«ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል» አሉኝ። «የትኛው ዓመት ፍልሰታ እንዳለ አልሰማሁም። ጸሐፊው አንተ ነህ፤ አንተ እንደሰማኸው ይጻፋል። የትኛው ነው ያለው?»

ብዕሬ በእጄ ነው። መዝገቡ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቷል። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ። መምህር ጥያቄ ጠይቀውኝ መልሱን የማውቅ ተማሪ የሆንኩ ያህል ነበር የተሰማኝ። በትክክል ሰምቻለሁ። ሹሙ በጉዞው ሁሉ አንድም ስህተት አላገኙብኝም፤ አሁንም እንዲያገኙብኝ አልፈለግሁም።

«ያሁኑ ፍልሰታ ነው ያለው፣ ጌታዬ» አልኩ።

ሹሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት እኔን አላዩኝም። «እንግዲያው ጻፈው» አሉ። «ምን ይደረጋል፤ ጻፈው።»

በሩን የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሹሙ ከፍተውልኝ ነበር። የካቻምና ነው ብል ኖሮ፣ ዋንጫው ከደንቡ በፊት የተሠራ አሮጌ ዕቃ ሆኖ በቀረ ነበር። ሌሎቹም፣ ጎረቤቱም ጭምር፣ አፍ አውጥተው የሚቃወሙ አይመስለኝም። ግን ተናገርኩ፤ ጻፍኩም። አጎቴ የእኔ እጅ ሲጽፍ ማየት ስለሚወድ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በፊርማው ቦታ ላይ ሲያትም፣ «የት ላይ ነው ልጄ፣ እዚህ?» አለኝ።

ምንሽሩን በሁለት እጁ አድርጎ ለሹሙ ሰጠ። በመልሱ ጉዞ ጠመንጃውና ዋንጫው በእኔ በቅሎ ላይ ተጫኑ። ሹሙ እስከ ደባርቅ ድረስ ያነጋገሩኝ አንድ ጊዜ ነው። «ጽሕፈትህ ጥሩ ነው» አሉ። ተግሣጽ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጥቅምት ላይ ኮሌጅ ገባሁ። አጎቴ ለጉዳዩ ጎንደር ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ በመጣ ቁጥር ከእኔ ጋር በኪራይ ክፍሌ ያድራል። ጠዋት ወደ ችሎት ይሄዳል፤ ቀጠሮ ይሰጡታል፤ ይመለሳል። ጫማውን አውልቆ እግሩን በሙቅ ውኃ ሲነክር ትምህርቴን ይጠይቀኛል እንጂ ስለዚያ ቀን አያነሣም። በሦስተኛው ጊዜ ጠመንጃው ተወርሶ፣ እሱ በማስጠንቀቂያ ተለቀቀ። ያን ዕለት፣ «እስቲ የጻፍከውን በቃልህ ታስታውሰው እንደሆን ንገረኝ» አለኝ። አስታውሰዋለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠ።

«ልክ ነው» አለ ሲያልቅ። «እንዲያ ነው ያልኩት። አንዲት ቃል አልጨመርክብኝም።»

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ብከፍት እጁን አነሣ። «ተወው። እኔ ሌባ ልባል ኖሯል?»

ለገና ዕረፍት ወደ መንደሩ ሄድኩ። ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረው ጎረቤቱ ነው። ካኪ ካፖርት ተሰጥቶታል። በየሳምንቱ ያየውን ዋልያ አስጽፎ ወደ ደባርቅ መላክ አለበት፤ ግን አሁንም ወደ አፋፉ አይጠጋም። ጠዋት ጠዋት አጎቴ ያለ ጠመንጃ፣ በዱላ ብቻ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ ያያል። ጎረቤቱ ከኋላ ራቅ ብሎ በካፖርቱ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። አጎቴ ስንት እንዳየ ይነግረዋል፤ ያም ወደ ቄሱ ወስዶ ያስጽፈዋል።

«ምነው አያ፣ ለእሱ ትለፋለህ?» አልኩት።

«ለእሱ?» አለና ወደ ገደሉ ተመለከተ። «ሁለት ግልገል ወልደዋል። ማን ያያቸው ታዲያ?»

በዚያ ሳምንት እኔ ስለነበርኩ ቄሱ ጋ መሄድ አላስፈለገም። ሦስታችን አጎቴ ቤት ተቀመጥን። ሚስቱ ጠላ በጣሳ አቀረበችልን፤ ለሁላችንም በጣሳ። አጎቴ እየነገረኝ ጻፍኩ፤ ሰባት ሴቶች፣ ሦስት ወንዶች፣ ሁለት ግልገሎች፣ ከጅብራው በታች። ከሥሩ የጎረቤቱን ስም ጻፍኩ፤ ጎረቤቱም አውራ ጣቱን አተመ።

አጎቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ማንበብ እንደሚችል ሰው አየውና መለሰልኝ።

«ቀኑንና ዓመቱን ጽፈሃል?» አለኝ።

አልጻፍኩም ነበር። ጻፍኩ።