የቦጂያ ፊያት የልደት ወረቀት

አባቴ ባይሳ ሌታ ቀናተኛ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን በመናገሬ አይቀየመኝም፤ ራሱም ያውቀው ነበር። በሚስቱ አይቀናም፣ በመሬት አይቀናም፣ የጎረቤት ላም መንታ ብትወልድ «እሰይ» የሚል ሰው ነው። ቅናቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ያረፈው በአንዲት መኪና ላይ ነበር፤ በቦጂያ ፊያት ላይ።

አባቴ ራሱ ፊያት ነበረችው። በ1952 መንገድ ያሠራ ከነበረ ጣልያን መሐንዲስ ገዝቷት ከከተማችን ከሀገረ ሕይወት አዲስ አበባ፣ ሰው ሲጠፋም እስከ ጉደር ያመላልስባት ነበር። የከተማችን ሙሽሮች የሚወጡት በእሷ ነበር። በአራተኛው ዓመት ቦጂያ የሚባል ሾፌር ያንኑ ዓይነት ፊያት እየነዳ ከነቀምት መጥቶ ጎረቤታችን ሆነ። የእሱ መኪና ታቿ አረንጓዴ፣ ላይዋ ነጭ ነው፤ መሪው ፊት ለፊት ሰዓት አላት፣ ለብርድ ቀን ማሞቂያ አላት። ከዚያ ወዲያ ሙሽሮቹ ወደ ቦጂያ ዞሩ።

የአባቴ መኪና ጥቁር ነበረች፤ ቀለሟ ቢላላጥበት ራሱ በብሩሽ ጥቁር ቀባት። ሲገዛት ሰዓትም ማሞቂያም ነበራት። ሰዓቱ አንድ ቀን ቢቆም ነቅሎ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈነው፤ ማሞቂያውንም «ዳገት ላይ ሞተሩን የሚያግልብኝ ይሄ ነው» ብሎ አውጥቶ ጣለው። ሲጠየቅ ጣልያኑ የለጠፈው ኮተት እንጂ የፋብሪካ ሥራ አይደለም ይላል። የቦጂያንም ሰዓት ሲያይ የሚለው ያንኑ ነው፤ ፒያሳ ያስለጠፈው ነው ይላል።

አንድ ቀን ኬላ ላይ ሁለቱም ሊብሬያቸውን ለፖሊስ ሲያሳዩ አባቴ የቦጂያን ደብተር አሾልኮ አየ። የተሠራችበት ዘመን 1955 ይላል። የአባቴ ሊብሬ ደግሞ 1947 ነው የሚለው። ቤት ሲገባ ደስ ብሎት ነበር። የቦጂያዋ ያላት ልጅነት ነው እንጂ ሌላ ምንም የላትም፣ የኔ በስምንት ዓመት ታላቋ ናት አለን። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ነገር መልስ አገኘ። በሩ ቢንቋቋ እርጅና ነው፣ ጭስ ብትተፋ እርጅና ነው። ቦጂያ መኪናውን በየጠዋቱ ሲወለውል ያየችው እናቴ ጌጤነሽ ግን እርጅናውን አልተቀበለችም። «እሱ ያጥባታል፣ አንተ ታማታለህ» አለችው።

በ1960 ቀነዓ የሚባል የጤና ረዳት ሽማግሌ ላከብኝና ሰርጋችን ለጥር መጨረሻ ተቀጠረ። የሙሽራው ወገን እንደ ወጉ እኔን የሚያወጣኝን መኪና ተከራየ። የማንን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። አባቴ ሲሰማ ዓይኑ ደም ለበሰ። የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ልጄ ከገዛ ቤቷ በቦጂያ መኪና አትወጣም አለ። የቀነዓ ቤተሰብ በበኩሉ ተናቅን ብሎ ተቀየመ፤ እንግዲያው ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን እስከማለት ደረሱ። ከፋሲካ በኋላ የተባለ ሰርግ ሳይሆን እንደሚቀር የማያውቅ የለም። አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሲመጡ አባቴ አንድ ሐሳብ አቀረበ። «ፋብሪካው ይጠየቅ። ያ ሰዓትና ማሞቂያ ከፋብሪካ አብሯት የወጣ ከሆነ፣ የቦጂያን መኪና በር ከፍቼ ልጄን የማስገባት እኔ ራሴ ነኝ። ልጥፍ ከሆነ ግን በኔ መኪና ትወጣለች።» ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው እሺ አሉ።

እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ የጎደለኝ ፋብሪካው በቦጂያ መኪና ብረት ላይ የቀረጸው የሻንሲ ቁጥር ነው። ኅዳር 21 ቀን አዲስ ዓለም ማርያም ስትነግሥ ሁለቱም መኪኖች ሰው አሳፍረው ሄዱ። ቦጂያ ሊሳለም ሲገባ አባቴ የእሱን መኪና ኮፈን ከፈተና ቁጥሩን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ነገረኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ኮፈኑን ሳንዘጋ ቦጂያ ደረሰ። አባቴ ጭስ ሸትቶኝ ነው አለው። ቦጂያም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ኦቦ ባይሳ፣ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ከያዘው ጠበል ጠዲቅ ቆርሶ ሰጠን። እኔ የደረሰኝን በነጠላዬ ቋጠርኩት፤ አባቴ በላው።

እውነቱን ልናገርና እኔም ቀንቼ ነበር። የመምህርነት ወረቀቴን ይዤ የመጣሁ ቀን ገልጦ ያላየ ሰው፣ ለቦጂያ መኪና ወረቀት ጣልያን አገር ድረስ አስጻፈ። የሁለቱንም ቁጥር ልብ ብዬ ሳላስተያይ ጽፌ በአየር መልእክት ላክሁት።

መልሱ ለሰርጉ አሥር ቀን ሲቀረው በማስተምርበት ትምህርት ቤት ፖስታ ሳጥን መጣ። አባቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አንብቢልኝ አለኝ። ሁለቱ ቁጥሮች ተከታታይ ናቸው ይላል። ሁለቱም ታቻቸው አረንጓዴ ላያቸው ነጭ ሆነው፣ ከነሰዓታቸውና ከነማሞቂያቸው፣ በአንድ ቀን ከፋብሪካ ወጥተዋል፤ ማርች 1955።

አባቴ ፋብሪካው ተሳስቷል አለ፤ የኔ 1947 ናት። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ጸሐፊዎች በሁለት ከተማ መዝግበዋቸው፣ የእኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲጽፍ የቦጂያው የፈረንጁን እንዳለ ገልብጦታል።

«አባዬ፣ የፈረንጅ 1955 በኛ 1947 ነው» አልኩት።

«ታላቋ አይደለችም?»

«መንታ ናቸው።»

የሰዓቱን ቀዳዳ የደፈነበትን ቆርቆሮ በጣቱ ሲነካካ ቆየ። በእሱ ላይ መፈረዱ ለኔ ሰርግ ደግ ነበር፣ ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ግን ፊቱን ሳይ ደብዳቤውን ባልጻፍኩት ብዬ ተመኘሁ። በመጨረሻ «እንግዲያ እርጅና አይደለም፤ እጄ ነው» አለ።

የሰርጉ ቀን ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ገቡ፤ ቦጂያም መኪናዋን አበባ አልብሶ ደጃችን አቆማት። አባቴ አዲሱን ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሰው ሁሉ ጸብ ሊያነሳ ነው ብሎ መንገድ ለቀቀለት። እሱ ግን መኪናዋን አንዴ ዞራት። አረንጓዴው ላይ ያረፈ አቧራ አየና በመሐረቡ ጠረገው፤ ጎንበስ ብሎም በመስኮት ሰዓቱን አየ፤ ይሠራል። ቦጂያ ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ቀደመውና በሩን ከፈተልኝ።

«ግቢ፣ ልጄ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ። «የእኛም እንዲህ ነበረች።»