ያጨበጨቡልኝ ቀን

የመጀመሪያው ምልክት ደብተር መቅደድ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ሲምቦ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ገጹን ትገነጥለዋለች፤ ቆይታ ደብተሩን በሙሉ መቅደድ ጀመረች። እናቷ ከሞተች ዓመት አልሞላም፤ እኔ ግን ሁለቱን ማገናኘት አልቻልኩም። ቡራዩ ውስጥ የብረት በርና መስኮት እበይዳለሁ፤ የተጣመመ ነገር ሁሉ ተቀጥቅጦ የሚቃና ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወንበር ወረወረች። «ወላጅ አምጪ» ተባለች። ሄድኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በጠዋቱ ሰልፍ፣ ባንዲራው ሥር አቆማት።

«ኦቦ ቶሌራ፣ እዚሁ ጓደኞቿ ፊት ይቅጧት። አለዚያ አንቀበላትም።»

ቀበቶዬን ፈታሁ። መታኋት። አላለቀሰችም። ተማሪው አጨበጨበ። መምህራኑም አጨበጨቡ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሲምቦ ዝም አለች። ደብተር አትቀድም፣ ከማንም አትጣላም። «ታረመች» አሉ መምህራኑ። በወላጆች ስብሰባ ላይ አስነስተው «ምስጉን ወላጅ» ብለው ደግመው አጨበጨቡልኝ። እኔ ጅሉ በየሱቁ አወራሁት። ምግብ መተዋን ያወቅሁት ቀሚሷ ሲሰፋት ነው። ክንዷ ላይ ጭረት አየሁ። የቧጨረችው ራሷ ነበረች።

«ለምን፣ ልጄ?»

«ዝም ለማለት ነው፣ አባ።»

በማግስቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድኳት። የአእምሮ ሐኪሟ ለብቻዋ ረጅም ሰዓት አነጋገረቻት፤ ከዚያ እኔን ጠራችኝ።

«ዲፕሬሽን ነው፤ የድብርት ሕመም። ቁጣዋ እርዱኝ ማለት ነበር። ዝም ስትል ባሰባት እንጂ አልዳነችም።»

ስለ ቀበቶው ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍሉኦክሰቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ታዘዘላት፤ በየሳምንቱ የምክር ሕክምና ጀመረች፤ እኔም አብሬ እየተቀመጥኩ ስትናደድ ሳልጮህ አጠገቧ መቆየትን እንደ ሕፃን ተማርኩ፣ የእናቷንም ስም ቤት ውስጥ እንደገና መጥራት ጀመርን። ይቅርታ ስጠይቃት ብዙ ቀን አልመለሰችልኝም፤ ልክ ነበረች። ወራት ፈጅቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሳሳተችውን ቃል ሰርዛ፣ ገጹን ሳትቀድ መጻፏን ስትቀጥል አይቼ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ያቺን ሐኪም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናንተ ልጃችሁ «አስቸጋሪ» የተባለባችሁ፣ ወላጅ አምጣ ሲባል ሂዱ፤ ከማንም በፊት ግን ልጁን ስሙት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ ተሻለው ብላችሁም መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ፀጥ ያለ ልጅ ሁሉ ደህና አይደለም።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ተነስቼ ቆምኩ። «ልጄ ታማ ነበር። እናንተ አስመታችኋት፣ እኔ መታኋት። ጭብጨባችሁ አስጠልቶኛል» አልኩ። ምክትሉ ስልኩን ይነካካል። ስወጣ በሩ ላይ አንዲት እናት እጄን ይዛ በሹክሹክታ የሆስፒታሉን ስም ጠየቀችኝ።

ማታ ለሲምቦ ነገርኳት።

«ማንም አላጨበጨበም?»

«ማንም።»

«ጥሩ» አለችና እራቷን ጨርሳ በላች።