ማንም የሚያስበው ማሽን

በደርግ ጊዜ ነው፤ ቢቸና ትዳር ይዤ ጥቂት ቆይቻለሁ። ሞጣ ያለች እህቴ በአጥር ምክንያት ከጎረቤቷ ጋር ተካሳ ልመሰክርላት ሄድኩ። ከቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ደጃፍ ተራችንን ስንጠብቅ ከውስጥ ጩኸት ይሰማል። ድንገት ሰብሳቢው ብቅ አሉና ጠሩኝ።

"የእህቴ ነገር ደረሰ?" አልኩ።

"አይ፣ ለሌላ ነው የምንፈልግሽ። አተር ከክተሽ ታውቂያለሽ?"

"ከክቼ የማላውቅ ይመስላል?"

ስገባ ሁለት አናጢዎች ተፋጠው ቆመዋል። አንዱ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት የቢቸና ሰው ነው፤ በመልክ አውቀዋለሁ። ሌላው የሞጣ ነው።

"ወፍጮው ክኩን እያደቀቀ ቢያስቸግርሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ ሰብሳቢው።

አቀርቅሬ አሰብኩ። ዓይኔ እግራቸው ላይ አረፈ።

"ድንጋዩን ለስለስ ያለ ነገር አለብሰዋለሁ። ለምሳሌ… እንደ በረባሶዎ ያለ ጎማ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ለካስ የቢቸናው አናጢ ሁለት ክብ እንጨቶችን ጎማ አልብሶ በእጅ የሚዞር የክክ ማሽን ሠርቷል። የሞጣው ደግሞ ገበያ ላይ አይቶ ያንኑ መሥራት በመጀመሩ ተከሷል።

"ማንም ያስበዋል አላልኳችሁም!" አለ የሞጣው።

"እግርዎን ደብቀው ይጠይቁ እንጂ ጓድ ሰብሳቢ!" አለ የቢቸናው።

ሰብሳቢው እውነትም እግራቸውን ወንበር ሥር ሸሸጉና ሌላ ሴት አስጠሩ። እሷ "አተሩን ቀደም አድርጌ በውሃ አርሰዋለሁ" ብላ ወጣች። ሸንጎው ተንሾካሾከና ሁለቱም ይሥሩ፣ የሞጣው ግን ቢቸና ገበያ ድርሽ እንዳይል ብሎ ወሰነ። የእህቴ ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ስመለስ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ላይ የቢቸናው አናጢ ተቀምጧል። በእፍረት መግቢያ አጣሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ብቻውን ይስቅ ጀመር።

"አንቺ ልጅ፣ በእግዜር ስም፣ ማሽኑን አላየሽውም?"

"በማርያም አላየሁትም። ግን ገለፈቱን በምን ይለዩታል?"

"ማራገቢያ ላበጅለት ነው። ይኸንንም አስቤው ነበር በይኛ!"

"ይኸንንስ አላሰብኩትም" አልኩት። ደስ አለው፤ እስከ ቢቸና ስለ ማራገቢያው ሲያወራኝ መጣን።

አተር እንደተሰበሰበ ማራገቢያ ያለውን ሠርቶ እንድሞክርለት ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ክኩ አንድ በአንድ እየተከፈለ ሲወርድ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አየ። እጀታው ብቻ ቶሎ ቶሎ እየላላ ያስቸግር ነበር፤ እሱን እኔው ራሴ በሽቦ አሰርኩት።