የሜዱን ሴክ መሐረብ

ሜዱን ሴክ ቀኑን እንዴት እንደዋለ ለማወቅ ሚስቱ ንጎኔ አፉን ጠይቃ አታውቅም፤ የምታየው መሐረቡን ነው። ከዳካር ፔተርሰን መናኸሪያ እስከ ገጃዋይ ሰፈር ሲመላለስ የዋለ ሹፌር ነጭ መሐረብ ማታ ሳፋ ውስጥ ሲገባ፣ ውሃው ቀለም የተደፋበት ይመስላል። በጣም ከጠቆረ ሥራ ነበር ማለት ነው፤ ገረጣ ካለ መኪናዋ መንገድ ላይ ተበላሽታለች። በዚህ ነገር ንጎኔ ተሳስታ አታውቅም፣ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ትላለች።

መኪናዋ ሰማያዊና ቢጫ የተቀባች፣ ግንባሯ ላይ «አልሐምዱሊላህ» የተጻፈባት አሮጌ ሚኒባስ ነበረች። ሜዱን ከሉጋ ገጠር ዳካር የገባው በጎረምሳነቱ ነው። መጀመሪያ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎ መሪውን ያዘ፣ ከዚያ አገባ፣ ወለደ፣ ሸበተ፤ ሁሉም በእሷው ጭስ ውስጥ። ረዳቱ ላይቲ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ሰው ነበር። ላይቲ ቆርቆሮውን በሳንቲም አንዴ ከመታ ቁም ነው፤ ሁለቴ ከመታ ሂድ። ሜዱን ዞሮ ማየት አያስፈልገውም ነበር፤ ጆሮ እያለው አንገቱን ምን አደከመው?

አሮጌዎቹ መኪኖች ከመንገድ ወጥተው በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ረጃጅም አውቶቡሶች ሲመጡ፣ ላይቲ ወንድሙ ሱቅ ገባ። ሜዱን ግን ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለውምና ለአዲሶቹ አውቶቡሶች ሹፌርነት ተመዘገበ። ትምህርቱን ጨረሰ፤ ፈተናው ላይ ወደቀ። የወደቀበትን ምክንያት ለሰው መናገር ያሳፍረዋል። ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ መንገዱ ክፍት ነው፤ እሱ ግን መሪውን እንደያዘ ቁጭ አለ። ፈታኙ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ምን እየጠበቁ ነው?»

መልሱ ለሜዱን የመጣለት ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ንጎኔ ጭልፋውን ልታራግፍ የድስቱን ከንፈር ሁለቴ መታ መታ ስታደርግ፣ የሜዱን ቀኝ እግር ነዳጅ እንደሚሰጥ መሬቱን ረገጠ። ንጎኔ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ላይቲን ነዋ የምትጠብቀው! አንተ ሰውዬ፣ እኔን ሳይሆን እሱን ነው ያገባኸው!»

አብረው ሳቁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የቀረው አንድ ፈተና ብቻ ነው። በዚህም ከወደቀ ዕድሜውን ደጃፍ ላይ ሻይ እያፈላ ሊጨርስ ነው፤ ሜዱን ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥን ከሞት ለይቶ አያየውም።

በሁለተኛው ፈተና ቀን ፈታኟ ኮዱ የምትባል፣ ፊቷን ቋጠር ያደረገች ወጣት ሴት ሆና ቆየችው። ስሙን ከወረቀት ላይ አነበበች።

«ሴክ? የሴክ ልጅ ነዎት?»

«ነኝ። አንቺስ የማን ነሽ?»

«የጌይ።»

እንግዲህ በዚያ አገር የሴክና የጌይ ዘሮች ሲገናኙ በቀልድ መሰዳደብ ከአያት የተወረሰ ደንብ ነው፤ ሳይሰድብ ያለፈ ነው ነውረኛ የሚባለው። የኮዱ ፊት ወዲያው ተፈታ፤ አንቱታውም አብሮ ጠፋ።

«ታዲያ አሽከሬ ነህ በለኛ! ሴክ ሩዝ ጠቅልሎ መጉረስ እንጂ አውቶቡስ መንዳት ከየት ለመደ?»

«ጌዮች ጠራርገውት ምን ሩዝ ቀረልን? ይልቅ ቁጭ በይ፣ ጌታሽ ሊነዳ ነው።»

«ብትሳሳት ግን እጥልሃለሁ» አለችው፤ ይሄኛው ቀልድ አልነበረም።

አውቶቡሱ ያለ ድምፅ ወጣ። ሜዱን በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ሸተተው፤ ባሕሩ ነው። ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ሲያልፍ አፍንጫውን ጭስ ይዞበት፣ ባሕሩን አይቶት እንጂ አሽትቶት አያውቅም ነበር። ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ አሮጊቷን መኪና የካዳት መስሎት አፈረ።

የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ በሩ ተዘጋ። እግሩ አልታዘዝ አለው። ጆሮው ከኋላ የላይቲን ሳንቲም ይፈልጋል፤ ኮዱ ሰዓቷን አየች። ያኔ ግራ እጁ ራሱ ወርዶ በቀለበቱ የወንበሩን ጎን መታ፤ ኳ፣ ኳ። አውቶቡሱ ተንሸራቶ ሄደ።

«ማነው ያንኳኳው?» አለች ኮዱ።

«ረዳቴ ነው።»

«የታለ?»

ሜዱን ቀለበቱን አሳያት። እሷም ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ ወደ ውጭ አየች። ቀኑን ሙሉ ከጫፍ ጫፍ ስታስነዳው ዋለች፤ በየፌርማታው አንኳኳ፣ አንዱም ላይ አልዘገየም። አመሻሹ ላይ ወረቀቱ ላይ ፈረመችለት።

«አልፈሃል። ማንኳኳት ክልክል ነው የሚል ሕግ አላየሁም። ግን ቀስ አድርገው፣ ሰው አውቶቡሱ የተበላሸ እንዳይመስለው። አሽከር ደግሞ ዝግ ብሎ ነው የሚያንኳኳው።»

ቤት ሲደርስ ንጎኔ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች፤ መሐረቡን ሰጣት። ገለበጠችው። መልሳ ገለበጠችው። ነጭ ነው። ፊቷ ወደቀ።

«አላስነዱህም አይደል?»

«ስነዳ ነው የዋልኩት።»

«ሴክ፣ እኔን አትደልለኝ። ነድቶ የዋለ ሰው መሐረብ ይሄ ነው?» ትከሻውን ያዘችው። «ግድ የለም። አላህ ያውቃል። ሻዩን አብረን እናፈላለን።»

ትንሽ ሊያሾፍባት አስቦ ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር ግን አልቻለም።

«አልፌያለሁ አንቺ ሴት! አውቶቡሱ ጭስ የለውም!»

ንጎኔ በቃል የምታምን ሰው አይደለችም። ሳፋውን አመጣች፣ ውሃ ሞላች፣ መሐረቡን ነከረችና በሳሙና ፈተገችው። ሁለቱም አጎንብሰው አዩ። ውሃው አረፋ ብቻ ሆነ፤ በሥሩ የሳፋው ቀይ አበባ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ንጎኔ ያ አበባ መኖሩንም ረስታው ነበር።

«ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ አዋዋልህን በምን ልወቅ?»

«ጠይቂኛ።»

ንጎኔ መሐረቡን ጨምቃ ገመዱ ላይ አሰጣችና መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እሺ» አለችው፣ «እንዴት ዋልክ?»