እንከኑን ነግሮ የሚሸጠው ሰው

ሰፈሩ ሁሉ «ሐቀኛው» ይለዋል። የቤት ዕቃ ሱቁ በር ላይ «እንከኑን ነግረን እንሸጣለን» ብሎ በትልቁ አጽፏል። ግራና ቀኝ ያሉት ነጋዴዎች «ጥራት! ጥራት!» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ሲጮኹ፣ እሱ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ገዢ በራሱ እግር ይመጣለታል።

አቤት ሰው ማወቅ! አንዲት ሴት ቁም ሳጥን ልትገዛ ስትገባ አይለማመጣትም።

«እሱን እንኳ ተዪው እህቴ» ይላታል። «እዚህ ጋ ጭረት አለው። እዪው፣ ኋላ ደበቀኝ እንዳትዪ።»

ሴትዮዋ ጭረቱን በጣቷ ዳሰስ ታደርግና ትስቃለች። «ይቺ ናት እንዴ? አንተ ደግሞ!»

በቃ፣ ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ ጀርባውን ዞር ብላ አታይም። ጀርባው ደግሞ ርካሽ ቺፕውድ ነው፤ እርጥበት የነካው ዕለት ያብጥና ይፈረፈራል። ጭረት የሌለው ዕቃ ከመጣ፣ ጉድ እኮ ነው፣ በምስማር ራሱ ያበጅለታል! «ሰው አንድ እንከን ከሰማ ሁለተኛውን አይፈልግም» ይላል።

ሚስቱ አንድ ቀን «ጀርባውንስ ለምን አትነግራቸውም?» አለችው።

«መች ጠየቁኝ?» አላት። እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምናለ ያኔ ብትቆጣው! ዛሬ ሲያስበው እንደዚያ ይላል፤ ጥፋቱን ለሚስቱ ሊያካፍል ሲያምረው እኮ ነው።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። በሱቁ ጓሮ ለሚሠሩት አናጺዎቹ ጣውላ የሚያቀርብለት ባለመጋዙ ለጋብቻ ጠየቃት። ሐቀኛው ደስ አለው። ባለመጋዙ አማቹ ከሆነ፣ ደረቅና ምርጥ ጣውላ ከማንም በፊት የሚራገፈው እሱ ደጅ ነው። ነገር ግን የሰውዬውን እጅ ያውቃል። ጣውላ አጣመምክ ብሎ ሠራተኛውን በዱላ ሲወቅጠው፣ ሰዎች ተረባርበው ሲያስጥሉት በዓይኑ አይቷል። የፊት ሚስቱም ክንዷ ተሰብሮ እንደወጣች የእንጨት ነጋዴ ሁሉ የሚያወራው ነው።

ልጅቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ አንተ ታውቀዋለህ። እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«እውነቱን ልንገርሽ የኔ እናት» አላት። «ዝምተኛ ነው። ጨዋታ አያውቅም። ቤት ውስጥ ይሰለችሻል።»

ሳቀች። «ይሄ ነው እንከኑ? ለሁለታችንም እኔ አወራለሁ!»

ልክ እንደ ገዢዎቹ ነበር የሳቀችው። ልናገር ብሎ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እሷም አገባች።

ዓመት ሳይሞላ ልጅቱ ጨዋታ ቀነሰች። መጀመሪያ የእጇ አንጓ ላይ ሰንበር አየ፤ «በር ያዘኝ» አለችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሱም «ተጠንቀቂ እንጂ» ብሎ አለፈው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ከጠየቀችኝ አንድም ሳልደብቅ እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ፤ የሚላትንም ቃል በቃል አጠና።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሻሿን እስከ አገጯ ጠቅልላ ሱቁ መጣች። ላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይመታኛል። ከድሮም አመሉ ከሆነ ዛሬውኑ ወጥቼ እናንተ ቤት እገባለሁ። አሁን የመጣበት ከሆነ ግን ይለፍለት ብዬ እታገሠዋለሁ። ታውቅ ነበር?»

ያጠናው ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት «አዎ» ብቻ! ምን ያደርጋል፣ ስንት ዓመት የሠለጠነ አፍ ቀደመው።

«ጥፋትማ አለብኝ፣ የኔ እናት። ቸኮልኩ። ሰው ጠይቄ፣ አጣርቼ መስጠት ነበረብኝ። እኔ ነኝ ጥፋተኛው።»

እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ እንባውስ እውነተኛ ነበር። ልጅቱ ተነሥታ በሻሿ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት። ሻሹ ሲገለጥ ጉንጯ ጠቁሮ አየው።

«ተው አባዬ፣ አታልቅስ። አንተ በምን ታውቃለህ? እንደዚህ ጥፋቱን የሚያምን አባት የት አለ!» አለችው። «እንግዲያው አዲስ አመል ነው። ሥራም በዝቶበታል። እስቲ ልመለስና ልየው።»

ግንባሩን ሳመችውና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሐቀኛው እየተደናቀፈ ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ፤ በስሟ ጮኾ ጠራት። መንገዱ መሃል ደርሳ ነበር፤ ዞር አለች።

«አቤት አባዬ?»

«መኪና እያየሽ ተሻገሪ» አላት።