አንድ ባዶስ ስንት ሊትር ነው?

«ተሳስተዋል!» አልኳቸው፣ ያውም በማይክ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዛሬ ቦንጋ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። ዳኛው እኔ ነኝ። ለፍጻሜ ካለፉት አንዷ ከሺሺንዳ የመጡት ማር ነጋዴዋ እትዬ አበበች ናቸው።

«በሰሎሞን ዘመን ዘይት ይለካበት የነበረው አንድ ባዶስ፣ በዛሬው ስንት ሊትር ይሆናል?»

«ወደ ሃያ ሁለት» አሉ ሳያመነቱ። የእኔ ወረቀት አርባ ይላል። ሽልማቱ ለሌላ ሰው ሄደ።

ቤት ስገባ መልሱን እስቲ እንደገና ልየው አልኩ። ስልኬን ብከፍት አንዱ ሃያ ሁለት፣ ሌላው ሠላሳ ስድስት፣ ሌላው አርባ ይላል። ለካ ሊቃውንቱም አልተስማሙም! (የሒሳብ መምህር መሆኔን እዚህ ላይ ባታነሱብኝ ደስ ይለኛል።)

መቀመጥ አቃተኝ። መናኸሪያ ሮጬ ስደርስ እትዬ አበበች መኪና ውስጥ ገብተዋል። በመስኮቱ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ሽልማቱስ ይቅር ልጄ» አሉኝ። «ግን ተሳስተዋል ያልከኝ ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት አስተካክለው።»

መኪናው ሄደ። እኔ ግን እስከሚቀጥለው እሑድ መጠበቅ አልቻልኩም። ይኸው እዚሁ ሁላችሁም ፊት እጽፋለሁ፦ እትዬ አበበች አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እናንተስ፣ በሙሉ ልብ ሰው አርማችሁ ስህተቱ የራሳችሁ ሆኖ የተገኘበት ቀን የለም? እስቲ አውሩኝ።